ኳኳታው ከየት ነው? የአንድ የሞተር ድምፅ ታሪክ

መኪና ዳገት ላይ ሲጨነቅ ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣ ቀጭን ኳኳታ አለ። ነዳጅ ሲረገጥ ይብሳል፤ እግር ሲነሳ ይጠፋል። ይህ ድምፅ ከመቶ ዓመት በላይ መሐንዲሶችን ሲያነታርክ ኖሯል። በየዘመኑ ባትሪው፣ ነዳጁ፣ በቅርቡ ደግሞ ዘይቱ ተከሷል። ድምፁን ዝም ለማሰኘት የተቀመመው መድኃኒትም ራሱ የዓለም መርዝ ሆኖ አርፏል። ነገሩን ከመነሻው እንከተለው፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያየ የሚጠግንበት ዘመን

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር የዛሬዎቹ የቤንዚን ሞተሮች አባት ነው። ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ነዳጅ ይስባል፤ ሲወጣ ይጨምቃል፤ የተጨመቀው ተቀጣጥሎ ፒስተኑን ቁልቁል ይገፋል፤ በመጨረሻም ጭሱ ይወጣል። ምሥጢሩ ያለው መጭመቁ ላይ ነው። ድብልቁ በደንብ በተጨመቀ ቁጥር ከዚያው ነዳጅ የሚገኘው ጉልበት ይጨምራል። ኋላ የመጣው ጣጣም የተወለደው ከዚሁ ነው።

በኦገስት 1888 ቤርታ ቤንዝ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ፣ ባሏ ካርል ሳያውቅ፣ ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳች። የነዳጅ ቱቦው ሲደፈንባት በባርኔጣዋ መርፌ ወግታ ከፈተችው። የማቀጣጠያው ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ ሲያስቸግራት በካልሲ ማሰሪያዋ ጠቀለለችው። ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ፈልጋ ቆዳ አስመታችበት። የዚያን ጊዜ ሞተር ብልሽቱን ደጅ አውጥቶ ያሳይ ነበር፤ ደፋር ሰውና አንድ መርፌ ይበቁታል።

ሞተሮች እየፈጠኑ፣ በብረት ሣጥን እየተሸፈኑ ሲሄዱ ግን ዓይን ሥራ ፈታ፤ ተራው የጆሮ ሆነ። መካኒኮች የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ፤ እጀታውን ከጆሮ አጠገብ ካለው አጥንት ላይ ይደግፋሉ፤ ከዚያ ነጥብ በነጥብ እየተዘዋወሩ ያዳምጣሉ። የለመደ ጆሮ ብዙ ይለያል። የቫልቭ ድምፅ የሞተሩን ዙር በግማሽ ይከተላል፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንዴ ነውና የሚዞረው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ተሰምቶ ሲሞቅ የሚጠፋው ምት ፒስተኑና ሲሊንደሩ መላላታቸውን ይናገራል። ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ቢየላ ብሮንዚናው (መሸከሚያው) ሲበላ ድምፁ ወፍራም ነው። የትኛው ቢየላ እንደሆነ ለመለየት የየሲሊንደሩን የካንዴላ ገመድ በተራ መንቀል ነው። አንዱ ሲነቀል ኳኳታው ከቀነሰ ሕመሙ እዚያ ነው፤ ቢየላውን የሚገፋው ፍንዳታ ቀርቷልና።

አንዱ ድምፅ ግን ከዚህ ሁሉ ምድብ ወጣ። ብሮንዚናው አዲስ፣ ፒስተኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ጭነት ሲበዛበት ሞተሩ ያንኳኳል። ሞተሩን አውርደው ቢበትኑትም የተበላ ነገር አያገኙም።

በባትሪው ላይ የቀረበው ክስ

ቻርልስ ኬተሪንግ በኦሃዮ ግዛት በዴይተን ከተማ የዴልኮ ኩባንያ መሥራች ነበር። በ1912 ካዲላክ መኪኖች ላይ የተገጠመው የኤሌክትሪክ ሞቶሪኖ የእሱ ሥራ ነው፤ ሾፌሮችን ማኒቬላ ከመጠምዘዝ የገላገላቸው እሱ ነው። ካንዴላውንም በባትሪ ኃይል እንዲተኩስ አድርጎ ነበርና የካዲላክ ሞተሮች ዳገት ላይ ማንኳኳት ሲጀምሩ ጣት የተቀሰረው ወደ እሱ ነው። ማግኔቶ የሚባለውን የቀድሞውን ማቀጣጠያ የሚሸጡ ተፎካካሪዎች «ጥፋቱ የባትሪው ነው» አሉ።

ኬተሪንግ ግን አንድ ነገር ልብ ብሎ ነበር። ኩባንያው ለገጠር ቤቶች መብራት የሚያመነጭ ትንሽ ሞተርም ይሸጣል። ያ ሞተር በላምባ ሲሠራ ኳኳታው ከቤንዚኑ ይብሳል። ማቀጣጠያው ሳይለወጥ ነዳጁ ሲለወጥ ድምፁ ከተለወጠ፣ ባትሪውን መክሰስ ምን ይባላል? በ1916 ይህን እንቆቅልሽ ለአንድ አዲስ ተቀጣሪ አስረከበ። ቶማስ ሚድግሊ ይባላል፤ የ27 ዓመት ጎልማሳ፣ በትምህርቱ የመካኒካል መሐንዲስ ነው፤ ኬሚስት አይደለም።

በወቅቱ አብዛኛው ባለሙያ ያመነው ድብልቁ ካንዴላው ሳይተኩስ በፊት በጋለ ብረት ተቀጣጥሎ ፒስተኑን እየወጣ ሳለ ይመታዋል የሚለውን ነበር። ሚድግሊ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ግፊት በመስታወት በሚንጸባረቅ ብርሃን አማካይነት በፊልም ላይ ቀረጸ። የታየው ሌላ ነው። ካንዴላው በሰዓቱ ይተኩሳል፤ እሳቱ በደንብ ይጀምራል፤ ግፊቱ ድንገት የሚዘለው ቃጠሎው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ነው። ባትሪው ነፃ ወጣ።

ታዲያ የላምባው ጥፋት ምንድን ነው? ኬተሪንግና ሚድግሊ ላምባ ቶሎ ስለማይተን ይሆናል ብለው ገመቱ። በረዶ ገና ሳይቀልጥ የሚያብብ ቅጠሉ ቀይ የሆነ የዱር ተክል ያውቁ ነበር። ቀይ ቀለም ሙቀት ይስብ ይሆናል፤ ላምባውን ቀይ ብናደርገው ቶሎ ይተን ይሆናል አሉ። ሚድግሊ በዘይት የሚሟሟ ቀይ ቀለም ፈልጎ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ሄደ። ቀለም አልነበረም። የተገኘው አዮዲን ነው። አዮዲኑን ላምባው ውስጥ ጨምሮ ሞተሩን ሲያስነሳ ኳኳታው ጠፋ።

እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ዓለም ስለ ቀይ ነዳጅ ዓመታት ባወራ ነበር። ሚድግሊ ግን እውነተኛ ቀይ ቀለሞችን አስመጥቶ አንድ በአንድ ሞከረ፤ ሞተሩ እንደ በፊቱ አንኳኳ። ቀጥሎ ቀለም የሌለው የአዮዲን ውህድ ጨመረ፤ ኳኳታው ቆመ። ቅላቱ አጋጣሚ ነበር፤ ሥራውን የሠራው ኬሚስትሪው ነው። የራሱን ግምት በራሱ ሙከራ ጣለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የተሻለ የብልሽት ምርመራ አልተሠራም።

ጥግ ላይ የቀረው ጋዝ

ከአትላንቲክ ማዶም ሰው ዝም አላለም። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በርትራም ሆፕኪንሰንና ተማሪው ሃሪ ሪካርዶ ኳኳታና ያለጊዜው መቀጣጠል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ለይተው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሪካርዶ በሼል ኩባንያ ድጋፍ ልዩ ሞተር ሠራ። ሞተሩ እየሠራ ሳለ መጭመቁን ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል። በዚህ ሞተር እያንዳንዱ ነዳጅ እስከምን ድረስ ቢጨመቅ ሳያንኳኳ እንደሚችል ተለካ።

የሪካርዶ ማብራሪያ ዛሬም የጸና ነው። ካንዴላው ሲተኩስ እሳቱ ከአንድ ነጥብ ተነስቶ እየሰፋ ይሄዳል። የተቃጠለው ጋዝ ሲያብጥ ገና እሳት ያልደረሰውን ጋዝ ወደ ሲሊንደሩ ጥግ ይገፋዋል፣ ይጨምቀዋል፣ ያግለዋል። እሳቱ በጊዜ ከደረሰለት ሁሉም በሰላም ይነድዳል። ካልደረሰ ግን የጥጉ ጋዝ ራሱ በራሱ በአንድ አፍታ ይፈነዳል። የምንሰማው ኳኳታ የብረት ግጭት አይደለም። የግፊት ሞገድ በሲሊንደሩ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተላጋ ብረቱን በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሲያንቀጠቅጠው ነው። በዚያው መንቀጥቀጥ ሙቀት ወደ ፒስተኑ ይገባል፤ ሲቆይ የፒስተኑን አናት ይበሳል፣ ቀለበቶቹን ይሰብራል።

በ1936 የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች ዊትሮውና ራስዋይለር በሲሊንደሩ አናት ላይ መስኮት አበጅተው ቃጠሎውን በፈጣን ካሜራ ቀረጹ። የጥጉ ጋዝ እሳቱ ሳይደርስበት ብልጭ ሲል በፊልም ታየ፤ ክርክሩ ተዘጋ።

ጸጥታው ያስከፈለው ዋጋ

ወደ ዴይተን እንመለስ። አዮዲን ኳኳታን ቢያስቆምም ውድ ነው፤ ብረትም ይበላል። ሚድግሊና ጓደኞቹ ንጥረ ነገሮችን አንድ በአንድ መሞከር ቀጠሉ። ቴሉሪየም ጥሩ ሠራ፤ ግን የነጭ ሽንኩርት የሚመስል ጠረኑ ሰውነት ላይ ተጣብቆ አልለቅ አለ። በዲሴምበር 9 ቀን 1921 እርሳስ የያዘውን ቴትራኤትል ሌድ ሞከሩ። በአንድ ጋሎን ቤንዚን ውስጥ 3 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ይበቃል። ሞተሩ ጸጥ አለ።

በፌብሩዋሪ 1923 ይኸው ቤንዚን በዴይተን ለሽያጭ ቀረበ። የወጣለት ስም «ኤትል» ነው፤ እርሳስ የሚል ቃል ከስሙ ላይ የለም። ያኔ ሚድግሊ ራሱ በእርሳስ ተመርዞ ፍሎሪዳ ሄዶ ማረፍ አስፈልጎት ነበር። በኦክቶበር 1924 በኒው ጀርዚ ቤይዌይ በሚገኘው ማጣሪያ ውስጥ ሠራተኞች አእምሯቸው ታወከ፤ አምስቱ ሞቱ። ሚድግሊ ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ ኬሚካሉን እጁ ላይ አፈሰሰ፤ እንፋሎቱንም ሳበ። አደጋ የለውም ለማለት ነው።

በ1925 ጉዳዩ በአሜሪካ የሕዝብ ጤና ባለሥልጣናት ጉባኤ ቀረበ። የሥራ ቦታ ሕመሞችን በማጥናት የምትታወቀው ሐኪም አሊስ ሃሚልተንና የዬል ዩኒቨርሲቲው ያንዴል ሄንደርሰን እርሳስ በየመንገዱ መበተን የለበትም ብለው ተከራከሩ። ሽያጩ ለጊዜው ቆመ። በ1926 መጀመሪያ ግን አጣሪው ኮሚቴ ለማገድ በቂ ምክንያት አላገኘሁም አለና ቀጠለ። አልኮል ከቤንዚን ጋር ሲቀላቀል ኳኳታን እንደሚከላከል የዴይተን ሰዎች ራሳቸው ያውቁ ነበር። የተመረጠው ግን ጥቂቱ የሚበቃውና ባለፓተንቱ እርሳስ ነው።

ኳኳታን የመከላከል አቅም በቁጥር መነገር የጀመረውም በዚሁ ዘመን ነው። የኤትል ኩባንያ ኬሚስት ግራሃም ኤድጋር ሁለት ፈሳሾችን አነጻጸረ። አይሶኦክቴን የሚባለው ኳኳታን አጥብቆ ስለሚቃወም 100 ተባለ፤ ሄፕቴን ቶሎ ስለሚያንኳኳ 0 ተሰጠው። ቤንዚኑ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ይመዘናል። ዛሬ ማደያ ላይ የሚነበበው የኦክቴን ቁጥር ይህ ነው። በ1940 በእንግሊዝ ሰማይ የተዋጉት ስፒትፋየር አውሮፕላኖች 100 ኦክቴን ቤንዚን በመጠቀማቸው ሞተራቸው ሳያንኳኳ ተጨማሪ አየር ታጭቆለት ጉልበት አገኘ።

ቁጥሩ ከአገሩ ከፍታም ጋር ይነጋገራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በሲሊንደሩ ውስጥ የሚደርሰው ግፊት ይቀንሳል፣ ሞተርም ለማንኳኳት ይዘገያል። ባለ ካርቡራቶር መኪና አዲስ አበባ ላይ ፋዙ፣ ማለትም ካንዴላው የሚተኩስበት ጊዜ፣ ቀደም ተደርጎ ተስተካክሎ ሳያንኳኳ ሊከርም ይችላል። ያው መኪና ያንኑ ቤንዚን ይዞ አዋሽ ወርዶ፣ አየሩ ሲከብድና ሙቀቱ ሲበረታ፣ ጭነት ላይ ማንኳኳት ይጀምራል። የተበላሸ ዕቃ የለም፤ ፋዙን ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይበቃዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሞተር ያስወርዳል።

ጆሮው ወደ ብረቱ ሲገባ

እርሳስን በመጨረሻ ያስከሰሰው የሞተር ሰው አይደለም። የምድርን ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ብሎ ያሰላው ክሌር ፓተርሰን በላቦራቶሪው እርሳስ የሌለበት ነገር ማግኘት ቸገረው። ብክለቱ ከየት እንደመጣ ሲከታተል ኢንዱስትሪውና የመኪና ጭስ ላይ ደረሰ፤ በ1965 ባሳተመው ጽሑፍ የዘመናችን ሰው ሰውነት ከተፈጥሮው መጠን እጅግ የበለጠ እርሳስ እንደተሸከመ አስጠነቀቀ። በ1975 ሞዴል የአሜሪካ መኪኖች ላይ ጭስ የሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር መገጠም ሲጀምር ደግሞ እርሳስ ያንን ማጣሪያ ስለሚገድለው ያልተመረዘ ቤንዚን ግድ ሆነ።

እርሳሱ ሲወጣ ኳኳታው ሊመለስ ነው። መልሱ ሞተሩ ራሱን እንዲያዳምጥ ማድረግ ሆነ። ፒየርና ዣክ ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አግኝተው ነበር። ከዚህ ግኝት የተወለደችው ትንሽ ሴንሰር ሞተሩ ብረት ላይ ተጠምዳ የኳኳታውን መንቀጥቀጥ ብቻ ለይታ ትሰማለች። ቢዩክ በ1978 ቱርቦ ሞተሩ ላይ ተጠቀመባት። ሴንሰሯ ስትጮኽ ኮምፒውተሩ ካንዴላው ጥቂት ዘግይቶ እንዲተኩስ ያደርጋል፤ ሾፌሩ ሳይሰማ ኳኳታው ይቆማል። ድምፅን ከምንጩ ማስቆም ማለት ይህ ነው። ዋጋ ግን አለው። ዝቅተኛ ኦክቴን የተሞላ አዲስ መኪና ላያንኳኳ ይችላል፤ ይልቁንም ይደክማል፣ ነዳጅ ይበላል። ባለቤቱ ጉልበት መቀነሱን እንጂ ድምፅ አይሰማም።

ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች ሁሉ ብልሽታቸውን በአንድ ዓይነት ኮድ እንዲናገሩ በሕግ ተገደዱ፤ አውሮፓም በ2001 ለቤንዚን መኪኖች ይህንኑ ደነገገች። የቼክ ኢንጂን መብራት ሲበራ መካኒኩ ስካነር ይሰካል፤ ፒ0302 የሚል ኮድ ካነበበ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አልተኮሰም ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያውቀው የኮሎው ዙር በዚያች ቅጽበት ስትዘገይ ለክቶ ነው።

ያረጀው ስሕተትም በአዲስ ልብስ ተመለሰ። ፒ0325 የሚለው ኮድ የሚናገረው ስለ ኳኳታ ሴንሰሯ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ጋራዥ ውስጥ ግን «ኮዱ ሴንሰር ቀይር ይላል» ተብሎ ሴንሰር ይቀየራል፤ ሽቦው የተበጠሰ ወይም ሶኬቱ የዛገ ከሆነ መብራቱ በማግሥቱ ይበራል። ኮዱ የጠቆመው ምስክሩን ነው፤ ጥፋተኛውን አይደለም። ብልህ መካኒክ ፒ0302 ሲያይ የሁለተኛውን ሲሊንደር ኮይል ከሦስተኛው ጋር ያለዋውጣል። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከተዛወረ ኮይሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ነዳጅ መርጫውን፣ ኮምፕሬሽኑን ማየት ነው። የካንዴላ ገመድ በተራ ይነቅል የነበረው መካኒክና ቀይ ቀለም አስመጥቶ የሞከረው ሚድግሊ ያደረጉትም ይህንኑ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሌላውን ባለበት መተው።

በ2010ዎቹ ትናንሽ ቱርቦ ሞተሮች ሲበዙ ደግሞ ኳኳታው ከማይጠበቅ በር ገባ። በዝቅተኛ ዙር ነዳጅ ሲረገጥ አንድ ኃይለኛ ምት ይሰማል፤ አንዳንዴ ያችው አንዷ ምት ፒስተን ትሰብራለች። ቤንዚኑ ደህና፣ ፋዙም ትክክል ነው። ምርመራው ወደ ሞተር ዘይት መራ። የዘይት ጠብታዎች ከነዳጅ ጋር ተቀላቅለው ካንዴላው ሳይተኩስ በፊት ይቀጣጠላሉ፤ ዘይቱ ውስጥ ያለው የካልሲየም ማጽጃ ደግሞ ነገሩን ያባብሳል። ቀመሩ ተለውጦ በ2018 ኤፒአይ ኤስኤን ፕላስ የሚል ምልክት ያለው ዘይት ወጣ። በ1916 ሚድግሊ ነፃ ያወጣው ያለጊዜው መቀጣጠል ከመቶ ዓመት በኋላ በሌላ ሞተር ላይ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ።

እርሳስ ከማደያዎች የወጣው ቀስ በቀስ ነው። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው በ2006 መግቢያ ላይ ተገላገሉት። በ2008 ደግሞ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ መሸጥ ጀመረ፤ በ1920ዎቹ ገሸሽ የተደረገው አልኮል መሆኑ ነው። እርሳስ ያለበትን ቤንዚን መሸጥ ያቆመችው የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ስትሆን ይህም በጁላይ 2021 ነው። አንዱን ድምፅ ዝም ለማሰኘት የገባው እርሳስ ለመውጣት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ኤሌክትሪክ መኪና የሚፈነዳ ጋዝ ስለሌለው አያንኳኳም። ከዚያ በፊት የገቡት የቤንዚን መኪኖች ግን ገና ብዙ ዓመት ይሮጣሉ፤ ያንኳኳሉም። ባለ መኪናው ጋራዥ ሲገባ «ሴንሰሩን ቀይርልኝ» ከሚል ይልቅ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ቢናገር ይጠቅመዋል፦ በቀዝቃዛ ወይስ በሙቅ ሞተር፣ ዳገት ላይ ወይስ ቆሞ፣ የትኛው ማደያ ከቀዳ ወይም የትኛውን ዘይት ካስቀየረ በኋላ። ባትሪውን ነፃ ያወጣው፣ ዘይቱንም ያስያዘው፣ ከመፍረድ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣ የጠየቀ ሰው ነው።